ጭምት ስትቆም

ባልየው የተገኘው ከወርክሾፑ ጀርባ ባለው የሙከራ ግቢ፣ አስፋልቱ ላይ በጎኑ ተጋድሞ ነው። ግራ እግሩ ከጉልበቱ በታች ተሰብሯል፤ ፊቱ አመድ መስሏል፤ ከመጮኹ ብዛት ድምፁ ተዘግቷል። ጭምት እግሩን ከግቢው ዳር ካለው የኮንክሪት ጠርዝ ጋር አጣብቃ፣ ምንም እንዳልተፈጠረ ሰው ዝም ብላ ቆማለች።

ጭምት ሰው አይደለችም። ሾፌርም መሪም የሌላት፣ ከፍሪጅ የማትረዝም ነጭ መኪና ናት። ከሆስፒታል ሆስፒታል ደምና የላብራቶሪ ናሙና ብቻዋን እንድታመላልስ ተሠርታለች። ሰው ፊቷ ከቆመ ትቆማለች፤ ድመት እንኳ ብትገባባት እስክታልፍላት ትጠብቃለች። እንዲህ ያለች ጨዋ፣ ሰው ሰበረች ሲባል ማን ያምናል? ስሟን ያወጣችላት የሠራቻት ኢንጂነር ናት፤ ኢንጂነሯ ደግሞ የተሰበረው ሰው ሚስት ናት። ወሬው ከአምቡላንሱ ቀድሞ ሰፈሩን ያዳረሰው በዚህ ምክንያት ነው።

ኢንስፔክተሩ ሲደርስ ሳጅኑ ቀድሞታል። ሳጅኑ ሁልጊዜም ይቀድማል፤ የኢንስፔክተሩን አንጀት ከሚያሳርሩት ነገሮች አንዱ ይኸው ነው። ሌላው ደግሞ አዛዡ ናቸው። የዚያኑ ዕለት ጠዋት በስብሰባ ላይ የሳጅኑን ትከሻ መታ መታ አድርገው «የነገ ሰው» ብለውታል። ሁሉም ወደ ኢንስፔክተሩ ሲዞር እሱ ከንፈሩን ለጠጥ አድርጎ «ጎበዝ ልጅ ነው፤ እኔ ነኝ ያስተማርኩት» አለ። ከዚያ መታጠቢያ ቤት ገብቶ፣ በመስታወቱ ውስጥ ያንን ፈገግታውን አየና ፊቱን በቀዝቃዛ ውሃ ታጠበ። ቀንቷል። ልጁ መጥፎ ቢሆን እንኳ ይሻለው ነበር፤ ሰውን ያለ ምክንያት መጥላት አድካሚ ነው።

«አለቃ፣ ይቺን ይመልከቱ፤» አለው ሳጅኑ፣ ጓንት ባጠለቀ እጁ የጭምትን ግንባር እያሳየ። «ዓይኗ ይቺ ክብ መስታወት ናት። ጥቁር ቴፕ ተለጥፎባታል።»

«ሆን ተብሎ?»

«በመቀስ፣ በልኳ ተቆርጦ። ዓይኗ እንደተሸፈነ ብትነሳ ደግሞ ሞተሯ እምቢ ማለት ነበረበት፤ ያንን መከልከያ የሆነ ሰው በኮምፒውተር አጥፍቶታል። የመነሻ ሰዓቷም አስቀድሞ ተሞልቷል። ሁለቱም የተሠሩት በኢንጂነሯ ኮምፒውተር ነው።»

«ካሜራስ?»

«ዛሬ ከሆስፒታሎች ለመጡት እንግዶች ሲባል ነቅለው አዳራሽ አስገብተውታል። ራሷ መኪናዋ የምታስታውሰው ነገር አለ፤ መክፈት የሚችሉት ግን ሁለት ሰዎች ብቻ ናቸው። አንዷ ተጠርጣሪያችን፣ አንዱ ተጎጂያችን። ሌላ ባለሙያ እስኪመጣ ሳምንት ይፈጃል።»

ኢንስፔክተሩ ጎንበስ ብሎ አስፋልቱን፣ ኮንክሪቱን፣ የደሙን ነጠብጣብ አየ። በዚህ ግቢ አንድ ሕግ አለ፤ ቀይ ማቆሚያውን አንገቱ ላይ ሳያንጠለጥል ማንም አይገባም። ቁልፉ ሲጫኑት መኪናዋን ያስቆማል። የባልየውም ማቆሚያ አንገቱ ላይ ነበር፤ ሳይሰበር፣ ሳይጫር።

«ሌላም አለ፤» አለ ሳጅኑ። የጭምትን የጎን በር ከፈተ። ውስጥ በመደርደሪያ የተሰደሩ የብርጭቆ ቱቦዎች አሉ፤ እስከ አፋቸው ቀይ ውሃ ተሞልተዋል፤ ክዳን የላቸውም። «ለእንግዶቹ ትርኢት ነው አሉ። ያንን ሁሉ ቱቦ ተሸክማ ግቢውን ስትዞር ምንም አታፈስም ብለው ሊያሳዩ። አሁንም አልፈሰሰም አለቃ። አንዲት ጠብታ የለም።»

«እና?»

«እናማ... አላውቅም። ገረመኝ።»

«ስንገረም ልንውል ነው? ዝጋው።»

ሳጅኑ ዘጋው። ቱቦዎቹን ኢንስፔክተሩ ራሱ አይቷቸው ቢሆን ኖሮ ፎቶ አስነስቶ፣ ግማሽ ቀን ባሰበባቸው ነበር። ልጁ ስላሳየው ግን ቱቦዎቹ ከዚያች ደቂቃ ጀምሮ ቱቦ ብቻ ሆኑ።

ኢንጂነሯን ያገኟት ከአዳራሹ አጠገብ ባለች ጠባብ ቢሮዋ ውስጥ ነው። ፖሊስ ከደረሰ ጀምሮ ወደ ግቢው እንዳትገባ ተከልክላለች። የሆስፒታሎቹ እንግዶች ሻንጣቸውን አንጠልጥለው እየወጡ ነው፤ በመስታወቱ በኩል አንገታቸውን እያዞሩ ዘመድ እንደሞተበት ሰው ያዩዋታል። ጭምትን ለመግዛት ሊፈራረሙ የመጡ ነበሩ።

«ባለቤቴ እንዴት ነው?» አለች ገና ሳይቀመጡ።

«እግሩ ነው። ይድናል።»

«ልሂድ ታዲያ። እናቱ አትምጪ ብለውኛል፤ ቢሆንም ልሂድ።»

«ይደርሱበታል። ጠዋት የት ነበሩ?»

«አዳራሽ። ከገባሁ አልወጣሁም። እንግዶቹን ይጠይቋቸው።»

ድሮ ቢሆን ይህ መልስ ይበቃ ነበር። ኢንስፔክተሩ ዕድሜውን የፈጀው ማን የት ነበር እያለ ሲጠይቅ ነው። ያለ ሾፌር የሚሄድ መኪና ከመጣ ወዲህ ግን «እኔ እዚያ አልነበርኩም» የሚባለው ነገር ገደል ገብቷል። ሰዓቱን ሞልቶ፣ እጁን ታጥቦ፣ እንግዳ ማስተናገድ ይቻላል።

«የኮምፒውተሩን የይለፍ ቃል ከእርስዎ ሌላ ማን ያውቃል?»

«ባለቤቴ።»

«እሱ ራሱን አይሰብርም መቼስ። ተጣልታችኋል?»

ኢንጂነሯ ጠረጴዛው ላይ ያለውን ብዕር አንስታ መልሳ አስቀመጠችው። «እዚህ ቤት ሁለት መኪና ነበር የሚሠራው። የእሱ መብረቅ ትባላለች፤ ፈጣን ናት፤ ቁሚ ሲሏት እዚያው ድርቅ ብላ ትቆማለች። የእኔ ይቺ ናት። እንግዶቹ የእኔን መረጡ። አልተጣላንም። ብንጣላ ይሻል ነበር። እንኳን ደስ አለሽ ብሎኝ ተኛ።»

«ደስ አይልም?»

«እርስዎ አግብተዋል?» አለችው። ሳጅኑ ፈገግታውን ለመዋጥ ወደ መስኮቱ ዞረ። ያችኑ ፈገግታም ኢንስፔክተሩ ቆጠረበት።

ሳጅኑ ኮሪደሩ ላይ «የባልየውን ነገር ትንሽ ብናየው» ብሎ ሲጀምር ኢንስፔክተሩ ከአፉ ነጠቀው። «ሹፌሩን ጥራልኝ፤» አለ። ልጁ ወደ ቀኝ ካለ እሱ ወደ ግራ ነው፤ ይኸው ነው የዚያን ቀን ምርመራ ካርታው።

ሹፌሩ ናሙና በመኪና የሚያመላልስ፣ ጭምት ሥራ ስትጀምር ወንበሩን የምትወስድበት ሰው ነው። ጩኸቱን ሰምቶ ባልየውን ያገኘው፣ ጎትቶ ያወጣውም እሱ ነው። ከዚያ በላይ ደግሞ በምሳ ሰዓት ሰው ሁሉ እየሰማ «ይቺን ቆርቆሮ አንድ ቀን በመዶሻ አናግራታለሁ» ሲል ከርሟል። በመኪናው ኪስ ውስጥ ጥቁር ቴፕ ተገኘ። ኢንስፔክተሩ እጁን አፋተገ።

«ይሄ ምንድን ነው?»

«ቴፕ።»

«ለምን?»

«መስታወቴ ተሰንጥቋል። አለቆቼ ደግሞ ለአዲሷ እንጂ ለእኔ መኪና ጊዜ የላቸውም።»

«ጠልተሃታል።»

«ቀንቼባታለሁ እንጂ፤» አለ ሹፌሩ ሳያፍር። «ለምን እዋሻለሁ? እዚህ ቤት ፀጉሬ ሸብቷል፤ ጠዋት ስገባ ደህና አደርክ የሚለኝ የለም። ለሷ ግን ሁሉም እየዞረ 'ጭምት ደህና አደርሽ?' ይላታል። ትመልሳለች? አትመልስም። ግን ይሏታል። እስቲ አንተ ብትሆን ሆድህን አያቃጥልህም?»

ኢንስፔክተሩንም ሆዱን አቃጠለው፤ በሌላ ምክንያት።

«ጋሼ፣ ኮምፒውተሩ ላይ ሰዓት መሙላት ያውቃሉ?» ብሎ ሳጅኑ በትህትና ጣልቃ ገባ።

«እኔ? ስልኬን እንኳን የምትሞላልኝ የእህቴ ልጅ ናት።» ሹፌሩ ቴፑን በጣቱ ገፋ አደረገው። «ደግሞም የይለፍ ቃላቸውን ለእኔ ማን ይነግረኛል? የሻይ ቤቱን ቁልፍ እንኳን አይሰጡኝም።»

ቴፑም ሲለካ የሹፌሩ ሰፊ፣ የጭምት ግንባር ላይ ያለው ቀጭን ሆነ። ቀጭኑ ጥቅልል የተገኘው በኢንጂነሯ መሳቢያ ውስጥ ነው፤ መቀሱም አጠገቡ። ኢንስፔክተሩ በሹፌሩ ላይ ያፈሰሰው ጊዜ ውሃ በላው።

ሆስፒታሉ ኮሪደር ላይ የባልየው እናት አግዳሚ ወንበሩን ለብቻቸው ይዘውታል። ፖሊስ ሲያዩ ነጠላቸውን ሰብሰብ አድርገው ተነሡ።

«አሰራችኋት?»

«ገና ነው እማማ። ምን ያዩት ነገር አለ?»

«ማየት ያስፈልጋል? እናት አይደለሁ? ልጄን በማሽን ነው ያስረገጠችው።» ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «ድሮ እሷ ነበረች የእሱ ሚስት የምትባለው። አሁን ሰው ሁሉ እሱን 'የኢንጂነሯ ባል' ይለዋል። እኔን መንገድ ላይ አስቁመው 'የኢንጂነሯ አማት አይደሉም እንዴ?' አሉኝ። ይሄ ለወንድ ልጅ ከእግር ስብራት አይከፋም?»

«ይከፋል፤» አለ ኢንስፔክተሩ ሳያስበው። ሳጅኑ ቀና ብሎ አየው።

ባልየው እግሩ በጀሶ ታስሮ፣ ከፍ ብሎ ተሰቅሎ ተኝቷል። መልከ መልካም ነው፤ የታመመ ሰው ትዕግሥት ፊቱ ላይ አለ። ከአንገቱ የወጣውን ቀይ ማቆሚያ ኢንስፔክተሩ በፕላስቲክ ከረጢት ይዞታል።

«ጀርባዬን ሰጥቼ የመነሻውን መስመር እያየሁ ነበር፤» አለ ባልየው። «ጎማዋ ድምፅ የለውም። ሳላያት ነው የመታችኝ።»

«ማቆሚያውን አልተጫንክም?»

«ምኗን አይቼ? ሳልሰማት እላዬ ላይ ናት።»

«ዓይኗ መሸፈኑን የነገሩህ አሉ?»

ባልየው ዓይኑን ጨፈነ። «አደራ እንዳትጨክኑባት። ሥራ በዝቶባት ነበር። ሰው ሲደክመው የማያደርገው የለም። እርግጥ ነው፣ ያንን መከልከያ ማጥፋት ከሷ በቀር የሚያውቅበት የለም፤ ብዋሽ ምን ይጠቅማል? እኔ ግን ይቅር ብያታለሁ።» ከንፈሩን ለጠጥ አደረገ። «ጎበዝ ናት እኮ። እኔ ነኝ ያስተማርኳት።»

ኢንስፔክተሩ ክው አለ። ይህን ፈገግታ ያውቀዋል። ከንፈር ይሄዳል፤ ዓይን አይከተልም። ጠዋት በመስታወት ውስጥ አይቶት በቀዝቃዛ ውሃ ሊያጥበው የሞከረው ፈገግታ ነው። ቃሉም ቃል በቃል የራሱ ነው። አንድ ሰው ሌላውን ሲያመሰግን ጥርሱ ውስጥ አሸዋ እንዳለበት የሚናገርበትን ምክንያት ኢንስፔክተሩ ከማንም ምሁር በላይ ያውቃል። የራሱን ሆድ በሌላ ሰው አልጋ ላይ ተኝቶ ያየው መሰለው፤ አፈረም፣ ተናደደም።

ከሆስፒታሉ ሲወጡ አዛዡ ደወሉ። ሕዝቡ እያወራ ነው፤ ሆስፒታሎቹ ውሉን ትተውታል፤ ሴትዮዋ እስከ ማምሻው ባሏን ለመግደል በመሞከር ትከሰስ፤ መኪናዋም ተበትና ለኤግዚቢት ትቀመጥ። «ቀላል ጉዳይ ነው፤ ካቃተህ ለሳጅኑ ስጠው፤» ብለው ዘጉት።

ሌላ ቀን ቢሆን ይህች የመጨረሻዋ ቃል ብቻዋን ኢንጂነሯን ለማስከሰስ በቂ ነበረች። ኢንስፔክተሩ መኪና ውስጥ ገብቶ መሪውን ይዞ ተቀመጠ። ሞተሩን አላስነሳም። ሳጅኑ ጎኑ ሆኖ ይጠብቃል።

«ስለ ቱቦዎቹ ጠዋት ያልከውን...» አለ ኢንስፔክተሩ። ጥርስ የሚነቀልለት ሰው ይመስላል። «እስቲ ድገምልኝ።»

ሳጅኑ ሊደሰት ቃጣውና ተወው። «አልፈሰሱም አለቃ። እስከ አፍ የተሞላ ነገር ነው። ዓይኗ ታስሮ፣ ሳታይ፣ በሙሉ ፍጥነቷ ሄዳ ሰው መትታ፣ ሰውየው ከኮንክሪት ጋር አስቁሟት ቢሆን ኖሮ ውስጧ ቀይ በቀይ ይሆን ነበር።»

«ስለዚህ?»

«ስለዚህ እሱ ጋ ስትደርስ መሮጥ ትታ ነበር። እሱን መትታ አይደለም የቆመችው። እየቆመች ነው የመታችው። ግን ማየት ካልቻለች ምን አስቆማት?»

ኢንስፔክተሩ ሞተሩን አስነሳ። «ይህን ጠዋት ብትጨርሰው ምን ነበረበት?»

«ዝጋው ብለውኝ ነዋ፤» አለ ሳጅኑ ወደ መንገዱ እያየ። የኢንስፔክተሩ ጆሮ እስከ ጣቢያው ቀልቶ ቆየ።

በአዛዡ ትእዛዝ ወደ ጣቢያ የተወሰደችው ኢንጂነር ጠባብ ክፍል ውስጥ እጇን ጭኗ ላይ አድርጋ ተቀምጣለች። ቀበቶዋን፣ ሰዓቷን፣ የአንገቷን ማቆሚያ ወስደውባታል። ኢንስፔክተሩ ፊት ለፊቷ ወንበር ስቦ ተቀመጠ።

«ስለ ወንጀሉ አልጠይቅዎትም። ስለ ጭምት ይንገሩኝ። ቱቦዎቹ አልፈሰሱም።»

«አልፈሰሱም?» ፊቷ ፈካ። ባሏ ተሰብሮ፣ እሷ ታስራ፣ ቱቦው አልፈሰሰም ሲባል ደስ እንዳላት ገብቷት አፈረች። «ልክ ነው፣ አትፈስም። ደም ነው እኮ የምትሸከመው። ከተናጠ ይበላሻል፤ ለታማሚው አይሆንም። ለዚህ ብዬ ነው በድንገት እንዳትቆም ያደረግኳት። ቁም ስትባል መጀመሪያ ትለዝባለች፤ ከዚያ እየተንሸራተተች፣ እየቀነሰች፣ ቀስ ብላ ነው የምትቆመው። ሰው ካየች ከሩቅ ትጀምራለች፤ ስለዚህ ማንንም አትነካም።»

«ዛሬ ግን አላየችም። ዓይኗ ታስሯል።»

«ካላየች አትለዝብም። እስከ ግድግዳው ትሄዳለች።»

«ታዲያ ምን ያለዝባታል?»

«ማቆሚያው ነው። እሱን ከተጫኑት እንደዚያው ቀስ ብላ...» አፏ እንደተከፈተ ቀረ።

ኢንስፔክተሩ ወንበሩን ወደ እሷ አስጠጋ።

«የእኔ ማቆሚያ ከአዳራሹ አይደርስም፤» አለች ቀስ ብላ፣ ለራሷ። «ከአጥሩ ውጪ አይሠራም። ግቢው ውስጥ የነበረው...» ዓይኗን ጨፈነች። ከፈተችው። «ተሳስቼ ይሆናል። ምናልባት ቱቦዎቹ ብዙም አልተሞሉ ይሆናል። ይህን ያልኩትን ይተዉት።»

«እስከ አፋቸው ነው የተሞሉት።»

«ይተዉት አልኩዎ። እግሩ ተሰብሯል፤ አይበቃውም?»

«እሱ እርስዎን ሊያሳስርዎ ነው። መኪናዎንም እኛ ልንበትናት ነው።»

መኪናዋን ሲላት ቀና አለች። ኢንስፔክተሩ ይህን አስተዋለ፤ ሴትየዋ ለራሷ ሳይሆን ለጭምት ነው የነቃችው። አንድ ሰው የሠራውን ነገር እንዲህ ሲወድ ሲያይ እሱም ትንሽ ቀናባት። ዛሬ ያልቀናበት ሰው የለም።

«አብሬያችሁ ልምጣ፤» አለች።

ፀሐይዋ ወደ መስኮቱ ዝቅ ስትል ሦስቱም ባልየው አልጋ አጠገብ ቆመዋል። እናቱን ሳጅኑ በስንት ልመና ኮሪደር ላይ አስቀርቷቸዋል። ባልየው ሚስቱን ሲያይ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ።

«ጀርባህን ሰጥተህ ነበር አልክ፤» አለ ኢንስፔክተሩ። «ሳላያት መታችኝ አልክ። ጭምት ግን አንተ ጋ ከመድረሷ በፊት ቁሚ ተብላለች። ዓይኗ ስለታሰረ ራሷ አላየችህም። ግቢው ውስጥ ማቆሚያ የያዘ አንድ ሰው ነበር። ያላየኸውን ነገር እንዴት አስቆምከው?»

«ስትመታኝ ተጭኜው ይሆናል። ህመም ላይ ሆኜ...»

«ስትመታህ ብትጫነው ቱቦዎቹ ቀድመው ይገለበጡ ነበር። አንድም አልፈሰሰም።»

ባልየው «ቱቦ» የሚለውን ቃል ለመጀመሪያ ጊዜ የሰማ ይመስል ግንባሩን ቋጠረ።

«ልርዳህ፤» አለ ኢንስፔክተሩ፣ ድምፁ ሳያስበው ለስልሶ። «ልትሰበር አልፈለግክም። ልትነካህ ብቻ ነበር። እንግዶቹ አዳራሽ ሆነው፣ ሰው አይቶ ይቆማል የተባለው መኪና የቤቱን ባለሙያ ጣለው ሲባል ይሰሙ ነበር። ትወድቃለህ፣ ትጮኻለህ፣ ትነሳለህ። ሰው ሳይደርስ ቴፑን ከግንባሯ ልጠህ ኪስህ ትከታለህ። መከልከያውን ትመልሳለህ። 'አላየችኝም' ትላለህ፤ በቃ። ጭምት ትቀራለች። መብረቅ ትመረጣለች። ግን እግርህ ተሰበረና መነሳት አቃተህ። ቴፑም እዚያው ቀረ።»

ባልየው የአልጋውን ልብስ እስከ ደረቱ ሳበ።

«ማንም ሰው እኔን አይጠይቀኝም፤» አለ ባልየው በመጨረሻ፣ ፊቱን ከግድግዳው ሳያነሳ። «ስብሰባ ገብቼ እናገራለሁ፤ ጨርሼ ሳልቀመጥ ዓይናቸው እሷ ላይ ነው። 'አንቺስ ምን ትያለሽ?' ይሏታል። መጀመሪያ መሣሪያ እንዴት እንደሚያዝ ያሳየኋት እኔ ነኝ። ደስ ሊለኝ ሞክሬያለሁ። እውነቴን ነው፣ ሞክሬያለሁ። ጠዋት እነሳና ዛሬ ደስ ይለኛል እላለሁ፤ እሷ እየዘፈነች ስትለብስ ሳይ ደግሞ አንጀቴ ይቃጠላል።»

«ቴፑ ሲገኝ ለምን አልተናገርክም?» አለ ኢንስፔክተሩ። «እስከዚያ ድረስ ቂልነት ነበር። ከዚያ ወዲያ ግን ሚስትህን ለእስር ነው የሰጠሃት።»

«መጀመሪያ ፈራሁ።» አለ ባልየው። «በኋላ ደግሞ... ሰው ሁሉ ለእኔ አዘነ። እሷን ረሷት። አንድ ቀን ብቻ እንዲቆይ ፈለግኩ።»

ኢንስፔክተሩ ወደ ሳጅኑ ዞረ። «ቃሉን አንተ ጻፍ። የቱቦውንም ነገር ማን እንዳየው ጻፍ፤ ከላይ፣ በመጀመሪያው መስመር። አዛዡ ዘንድም ራስህ ይዘኸው ግባ።» ሳጅኑ «እሺ አለቃ» ብቻ አለ፤ ዓይኑ ግን ከወትሮው በላይ እሱ ላይ ቆየ።

ኢንጂነሯ ወደ አልጋው ቀረበች። የአልጋውን የብረት ጠርዝ ይዛ የጀሶውን እግር ታያለች።

«የት ላይ ስትደርስ ነው የተጫንከው?» አለችው።

ባልየው ጥያቄው አልገባውም።

«ማቆሚያውን። የት ላይ ስትደርስ?»

«አጠገቤ ልትደርስ ስትል። መብረቅ የምትቆምበት ቦታ ላይ።» አሁን ዞሮ አያት፤ ድምፁ ውስጥ እንደ ወቀሳ ያለ ነገር ነበር። «ተጫንኩት እኮ። ተጫንኩት፤ እሷ ግን መምጣቷን አልተወችም። ተበላሽታ መሰለኝ። ልሸሽ ስል ተደናቀፍኩ።»

«አልተበላሸችም። ቀስ ብላ ነው የምትቆመው።»

«እሱን እኔ በምን አውቃለሁ? ማን ነግሮኝ?»

ኢንጂነሯ እጇን ከአልጋው ጠርዝ ላይ አነሳች። ከታሰረችበት ሰዓት ጀምሮ ያልመጣው ዕንባ አሁን መጣ፤ ድምፅዋ ግን አልተንቀጠቀጠም።

«እኔ ነኛ፤» አለችው። «ሁለት ዓመት ሙሉ እራት ላይ ስነግርህ የነበረው እኮ እሱን ነው።»